ብርድ የሚፈራው ማጉያ

ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደተንሣኤ የቀበሌያቸውን ሕዝብ ከመውደዳቸው የተነሣ እንቅልፍ ነሡት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የደብረ ብርሃን ውሻ እንኳን አፍንጫውን ጭራው ሥር ወሽቆ በተኛበት፣ ሊቀመንበሩ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብተው ማጉያው ፊት ይቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው "የተከበራችሁ የቀበሌያችን ነዋሪዎች!" ይላሉ። የማጉያው ጡሩንባ የተሰቀለው ደግሞ በሬዲዮ ጠጋኙ በፈረጅ ቤት ትይዩ ካለው ምሰሶ ላይ ነው።

ፈረጅ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው። ቆላ የለመደ ገላው በሦስት ዓመትም ለደጋው ውርጭ እጁን አልሰጠም። ብርዱ አንሶት አሁን ጩኸት ተጨመረለት። አርባ ቀን ያልሞላት ልጁ ሰሊሃ ስታለቅስ ታድርና ዓይኗን የምትከድነው ልክ አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

"ወላሂ፣ ፈረጅ፣" አለችው ሚስቱ ሲቲ አንድ ማለዳ፣ "ይሄ ነገር እስከ ዓርብ ዝም ካላለ ልጄን አዝዬ አሊዩ አምባ እናቴ ቤት እወርዳለሁ። አንተ ከጡሩንባው ጋር ኑር።"

ሲቲ እወርዳለሁ ካለች ትወርዳለች። ለፈረጅ ደግሞ ያለ እሷና ያለ ልጁ ያ ቤት ቤት አይሆንለትም።

ረቡዕ ዕለት አንድ አብዮት ጠባቂ ወለል ሊጠርግ ማጉያውን ሲያነሣ ጣለውና ዲዳ አደረገው። አላህ ይስጠው! ግን ፈረጅ ደስታውን አጣጥሞ ሳይጨርስ ማጉያው በሁለት ሰው ትከሻ ሱቁ ደረሰ። ሊቀመንበሩም ከኋላው።

"እስከ ነገ ቀትር ይሠራ፣" አሉ። "ካልሠራ አሻጥር ነው። አሻጥረኛ የት እንደሚያድር ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

በዚያን ዘመን ያንን የማያውቅ ማን ነበር?

ማጉያው ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጣ ነው። ፈረጅ ሲፈታው ሁለት ሰርኪዩት ቦርዶች ተደራርበው፣ መሀላቸው ሃያ ቀጫጭን የብረት ፒን ተሰክቶ አገኘ። የመበየጃ ካውያውን አግሎ ቢፈልግ ቢፈልግ የተበየደ ቦታ የለም። "ሳይበይዱት ነው እንዴ የላኩት፣ እነዚህ ሰነፎች!" ብሎ ሠሪዎቹን ሰደበ። አንዱን ፒን በአጉሊ መነጽር ሲያየው ግን ስድቡን ዋጠ። የፒኑ ወገብ እንደ መርፌ ዓይን ተበስቶ ጎንና ጎኑ አበጥ ብሏል። ቦርዱ ላይ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተጭኖ ሲገባ ይጨመቃል፤ ከገባ በኋላ ልለጠጥ እያለ የቀዳዳውን ግድግዳ ገፍቶ ይይዛል። በገዛ ጉልበቱ ስለሚይዝ ብየዳ አይፈልግም።

ሲወድቅ የላይኛው ቦርድ ተነቅሎ ፒኖቹ ከቀዳዳቸው ወጥተዋል። አንዴ የተጨመቀ ፒን ደግሞ ጉልበቱ ያልቃል፤ ቢመልሱት ይገባል እንጂ አይጨብጥም። ደግነቱ ሳጥኑ ውስጥ አዳዲስ መለዋወጫ ፒኖች በወረቀት ተጠቅልለው ነበር።

ፈረጅ ለሙከራ ያህል አሮጌዎቹን መልሶ ተጫናቸው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ስለነበር ማጉያው ተናገረ። አመሻሽ ላይ ብርዱ ሲገባ ዝም አለ። የከሰል ምድጃ ቢያስጠጋለት ተናገረ፤ ምድጃውን ቢያርቅ ዝም። ነገሩ ገባው፦ ብረቱ በብርድ ሲኮማተር የላላው ፒን ግድግዳውን ይለቃል፣ ሲሞቅ መልሶ ይነካል።

አዲሶቹን ፒኖች አየ። ሲቲን አየ። ከዚያ ፒኖቹን መልሶ ጠቀለላቸውና ኪሱ ከተታቸው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሊቀመንበሩ ፊት ተሞከረ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ሲሉ መንገድ ላይ የቆመ ገብስ የጫነ አህያ ደንብሮ ጭነቱን ጣለ። "ጎበዝ!" ብለው የፈረጅን ትከሻ መቱት።

ዓርብ ንጋት ላይ ጡሩንባው ጭጭ አለ። ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ የጽሕፈት ቤቱን ጣሪያ ካሞቀች በኋላ፣ እንደ ልቡ ተናገረ። ቅዳሜም እንዲሁ። ሊቀመንበሩ ፈረጅን በሕዝብ ፊት አስጠርተው "ማጉያችንን ንጋት ንጋት ላይ ዲዳ ያደረገው ማን ነው?" ብለው ሲጮኹ ማጉያው ያንኑ ጩኸት ለከተማው ሁሉ አሰማላቸው። ፈረጅ "ብርድ ይፈራል፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ። ውሸት አልነበረም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኖ አለፈ፤ ሰሊሃ ጉንጭ አወጣች፤ ሲቲም የአሊዩ አምባን ነገር አላነሣችም።

በሦስተኛው ሳምንት ከክፍለ ሀገር አንድ ትልቅ ጓድ ለጉብኝት መጥተው ከተማው ውስጥ አደሩ። በዚያው ምሽት ሰማዩን ደመና ሸፈነውና ውርጩ ቀረ። ፈረጅ እጁን በመስኮት አውጥቶ አየሩን ቢዳስሰው ለብ ብሏል። እንዲህ ካደረ ማጉያው ይሠራል፤ ሰሊሃ ትነቃለች፤ ሲቲ ትወርዳለች። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። አሥራ አንድ ሊሆን ሲል ጋቢውን ተከናንቦ፣ የጽሕፈት ቤቱን መስኮት ከፍቶ ያለውን ብርድ ሊያስገባበት ሹልክ ብሎ ወጣ።

መስኮቱ ተከፍቷል።

ወደ ውስጥ ሲያጮልቅ ጓድ ወልደተንሣኤ ቆባቸውን እስከ ጆሯቸው ደፍተው ማጉያው ፊት ተቀምጠዋል። ክዳኑን አንሥተውለታል። ሊያነቡት የሚገባውን መግለጫ በሁለት እጃቸው ይዘው ቦርዶቹን እያራገቡ ያቀዘቅዛሉ።

"ማነህ?" አሉ ደንግጠው።

"እኔ ነኝ፣ ፈረጅ። ማጉያውን... አየት ላደርገው ብዬ ነው።"

ተያዩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሊደብቁ ቃጣቸውና ተዉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እስከ ሁለት ሰዓት ተኝተው የተነሡ ሰው ፊታቸው ያስታውቃል፤ ፈረጅ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ልብ አላለውም ነበር።

"እንግዳው ነቅተው ይጠብቃሉ፤" አሉ በሹክሹክታ። "ዛሬ ከሠራ በየቀኑ ይሥራ ብለው ጽፈው ነው የሚሄዱት። ፈረጅ፣ ወንድሜ፣ ይሠራብን ይሆን እንዴ?"

ፈረጅ ዞሮ ገባና ሁለተኛውን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው።