ከ«ይቅር» በኋላ

ልጅቷ ለሆስፒታል የሚሆን ስክሪን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ናት። ተላላፊ በሽታ ይዞት ለብቻው የተኛ ሰው ከዘመዱ ጋር እየተያየ የሚያወራበት ስክሪን ነው። ውስጡ ያለው ሪል ታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቀልድ አያውቅም፤ ምስልም ሆነ ድምፅ በተቆረጠለት ቅጽበት ካልደረሰ ጥሎት ያልፋል። ስለዚህ መንቀጥቀጥ የለ፣ መንተባተብ የለ፤ እንደ ውኃ ይፈሳል።

«የዘገየ ይጣል» የሚለውን ሕግ የጻፈችው እሷ ናት። «ጆሮ» የሚሉት የሙከራ ክፍል ባልደረባዋ ያኔ ስብሰባ ላይ ተከራክሯት ነበር።

«እህቴ፣ ምስሉ ይጣል፣ ግድ የለም። ድምፁ ግን ዘግይቶም ቢሆን ይምጣ።»

«ከዘገየ ምን ይሠራል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ጆሮም አብሮ ሳቀ፤ አለቃቸው ፈረመ።

በዚያው ሳምንት እናቷ ሞቱ። እሷ ግን ሥራውን ላስረክብ ብላ ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን ደረሰች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው፣ «ለእናትሽ ያልደረስሽ ለእኔም አትድረሺ» አሏት። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

አሁን አባቷ ሳንባቸው ታሞ ከዚያው ከሠራችው ስክሪን ማዶ ተኝተዋል። የኦክስጅን ጭምብል አፍና አፍንጫቸውን ሸፍኗል። እሷ ጠያቂዎች ክፍል ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የሆስፒታሉ ኔትወርክ ተጨናንቋል።

«አባዬ፣ ጥፋቴን አውቃለሁ። ይቅር በለኝ።»

አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይቅር…» አሉ።

ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። አገጫቸው ይንቀሳቀሳል፤ ትንፋሻቸው ጭምብሉን ጉም ያለብሰዋል፤ እየተናገሩ ነው። ምስሉ ቅንጣት አልተንገዳገደም። የቋንቋችን ነገር፣ ቁም ነገሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። «ብዬሻለሁ» ትሁን «አልልሽም»፣ ያቺን ዘግይታ የመጣች ቃል የገዛ ሕጓ ጣላት።

«አባዬ፣ አልሰማሁም! ድገምልኝ!» እያለች ስክሪኑን በመዳፏ መታችው።

እጃቸው ከአንሶላው ላይ ተንሸራተተ። ነርሷ ሮጣ ገባች፤ ግን በሕይወት አልደረሰችባቸውም።

ልጅቷ ለጆሮ ደወለች።

«የተጣለ ድምፅ የሚቀመጥበት ቦታ አለ በለኝ!»

«የለም፣ እህቴ» አላት።

ታላቅ ወንድሟ መርዶውን በር ላይ ሰምቶ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ።

«አናገረሽ? ምን አለሽ?»

«ይቅር አለኝ።»

«ተመስገን!» ብሎ አቀፋትና ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

አልዋሸችም፤ የሰማችውን ቃል ነው የነገረችው። ማልቀስ ግን አቃታት፤ ለ«ብዬሻለሁ» ይሁን ለ«አልልሽም» እንደምታለቅስ አላወቀችም።