ትንፋሽ ያጣ ውሃ

ዓሦቹ ነጭ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ያደርጋቸዋል እንጂ በራሱ የሚንቀሳቀስ አንድም የለም። አዋላጇ ሐይቁ ዳር ቆማ አፍንጫዋን በመዳፏ ሸፈነች። አራስ ልጇ ዘንድ ሰንበት ብላ የተመለሰችው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ስትሄድ ለምለም የነበረው የሐይቁ አረም አሁን ጠውልጎና ቡናማ ሆኖ ውሃው ላይ ተኝቷል።

በራሱ የሞተ አይደለም። መርዝ የረጨበት ሰው አለ።

በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ቤተሰቦች ሰብሳቢያቸው አድርገው የመረጡት እሷን ነው። አረሙ በእጅ፣ ቀስ በቀስ እንዲነቀል ያስወሰነችውም እሷ ናት። በአንድ ጊዜ ከተገደለ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ይታፈናል ብላ አፏ እስኪደርቅ ተከራክራለች። አጥብቀው የተቃወሟት ጎረቤቷ ጡረተኛው ዳኛ ነበሩ። «እናንተ ስትነቅሉ እሱ ይበቅላል፤ መድኃኒት ይረጭበትና እንገላገል» ብለው ነበር። በድምፅ ሲሸነፉ ፈገግ ብለው ወጡ። ያ ፈገግታ ዛሬ ትዝ ሲላት ነገር ሸተታት።

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ግቢያቸው ገባች። ዳኛው ጀልባቸውን ገልብጠው በብሩሽ ይፈትጋሉ።

«ምን ነክቷት ነው የሚያጥቧት፣ ጋሼ?»

«ለሰው አውሼያት ነበር።»

«ለማን?»

ዕድሜ ልካቸውን ሰው ፊት ለፊት እያዩ ሲፈርዱ የኖሩት ሰው ዓይኗን ሸሹ። «እኔ ነኝ የረጨሁት ብትዪም አልከራከርሽም» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ቤትሽ ግቢ፣ እህቴ።»

ወጣች፤ ንግግራቸው ግን አብሯት ወጣ። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ አይልም። ማንን ነው የሚሸፍኑት? ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ በልቧ አሰበቻቸው፤ አንዳቸውም ጀልባ ለመዋስ ደጃቸውን የሚረግጡ አይደሉም። «ቤትሽ ግቢ» ያሉበት ድምፅ ትዝ ሲላት እርምጃዋን ወደ ቤቷ አፈጠነች።

ባሏ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። በዚህ ሙቀት የሸሚዙ እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል፤ ትናንት ስትመጣም እንዲሁ ነበር። ክንዱን ይዛ ቁልፉን ፈታችው። ቆዳው ቀልቶ ተልጧል።

«ዳኛው ነገሩሽ?»

«የነገረኝ የለም።»

ባሏ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አመለከተ። «ያን ቀን አረሙ እግርሽን ይዞ ሲጎትትሽ እዚህ ሆኜ አየሁ» አለ። «ሰምጠሽ ልትቀሪ ስትዪ። ሮጬ ወረድኩ፤ ግን ዋና አልችልም። እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆምኩ። ቆሜ ቀረሁ።»

አረም ስትነቅል ተይዛ በራሷ ታግላ የወጣችበትን ያንን ቀን ደብቃው ነበር። ዳር ላይ አንሸራትቶኝ ነው ብላው፣ እሱም አይዞሽ ብሎ ፎጣ አቀብሏት ነበር። የእሱም ሱሪ እርጥብ እንደነበር አሁን ገና ታወሳት። ያኔ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

«ዓሦቹን አላሰብኳቸውም» አለ። «ዳግመኛ እንዳትገቢ ብቻ ነው ያሰብኩት።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ አንጀቷን በላት። ልታዝንለት ስትል ደግሞ የበሰበሰው ውሃ ሽታ በመስኮቱ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ነዋሪው ሐይቁ ዳር ተሰበሰበ። ስብሰባው ሳይከፈት የሁሉም ዓይን ዳኛው ላይ አረፈ። «ጀልባቸውን ሲያጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መድኃኒት ይረጭ ሲሉ የነበሩትስ እሳቸው አይደሉም?» ብለው ሌሎቹ ተቀበሏት። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን ያያሉ።

አዋላጇ ወደ መሀል ገባች።

«እሳቸውን ተዉአቸው» አለች።

ጉርምርምታው ቆመ። ከኋላዋ የቤቷ በር ሲከፈት ሰማች፤ አልዞረችም። ባሏ ዝግ ብሎ እየተራመደ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ቃል ይጠብቃል።

እጁን ፈልጋ ያዘችና እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።