ቀዝቃዛ ውሃና ጨው

ከሆቴሉ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል እድፍ በማስለቀቅ ልብስ ተኳሿን የሚያክል አልነበረም። ወይን ይሁን ዘይት ወይም የከንፈር ቀለም፣ እጇ ከገባ እሺ ብሎ ይለቃል። ደም ግን ሌላ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃና ጨው እንጂ ሙቅ ውሃ አይንካው ትላለች፣ ሙቀት ካገኘው ጨርቁን ነክሶ ይቀራልና።

የማረጫ ጊዜዋ ሲደርስ ከካውያው እንፋሎት ይልቅ ከገላዋ የሚነሳው ሙቀት አስቸገራት። ቀን ፊቷን ያነደዋል፣ ሌሊት ሲያገላብጣት ያድራል። መላ ያመጣችላት አጣቢዋ ናት። ሬዲዮ ይሏታል፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም።

«እቴ፣ ስኳሩን ተዪው፤ አኩሪ አተር ብዪ፤ ማታ ከሥራ ስትወጪ በእግርሽ ሂጂ። ተልባውን ለኔ ተዪልኝ። እኔ ሰው የሆንኩት በዚህ ነው።»

ሬዲዮ ተልባውን ቆልታ ወቅጣ በጥብጣ፣ በአንድ ጠርሙስ እያመጣች ሁለቱም እኩል ይጠጡ ጀመር። እውነትም ሙቀቱ ቀለል አለ፣ እንቅልፉም መጣ። ሹፌሩ ባሏ ሳይቀር፣ «ብርድ ልብሱን መርገጥ ተውሽሳ» አላት።

ደሙ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ካረጠች ዓመት አልፏት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጠብ ብሎ ታየ። ተልባው ሠርቶ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ደግሞ መጣ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላው ገንዳ ትሄድና ልብሷን ነክራ፣ አሽታ፣ ምንም እንዳልነበረ አድርጋ ታወጣዋለች። እድፉ ሲለቅ ጭንቀቱም አብሮ የሚለቃት ይመስላት ነበር።

በጋው ከተጋመሰ በኋላ አንድ ቀን፣ ከገንዳው እንዳጎነበሰች ሬዲዮ ደረሰችባት።

«ምንድን ነው የምትደብቂው? የእንግዳ ነው?»

«የኔ ነው።»

ሬዲዮ ውሃውን አየችና ሳቀች። «ልጅነትሽ ተመልሶ ነዋ። በይ ሹፌሩ ይጠንቀቅ። ለካ ተልባዬ እንዲህ ጉደኛ ኖሯል።»

ተኳሿ አልሳቀችም። «አንቺ ካረጥሽ ቆየሽ አይደል?»

«ኧረ ረሳሁት።»

«ተመልሶብሽ ያውቃል?»

«የምን መመለስ። እሱ ከሄደ ሄደ ነው።»

«የምንጠጣው ከአንድ ጠርሙስ አይደለም እንዴ?»

ሬዲዮ እጇን ሰዳ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሰሞኑን ነው።»

«ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

«አንሶላውስ ማን ይተኩሰዋል?»

«አንሶላ እግር የለውም።»

«ክፉ ነገር ቢሉኝስ?»

«ክፉ ከሆነማ ሳይሉሽም አለ።»

በማግስቱ አብረው ገቡ። ሐኪሟ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሬዲዮ ገና ሳትቀመጥ፣ «ዶክተር፣ ካረጠች በኋላ ደም የመጣባት በኔ ጥፋት ነው፤ ተልባ ያጠጣኋት፣ ስኳር ያስቀነስኳት፣ በእግር ያስኬድኳት እኔ ነኝ» አለች።

«ተልባው አልጎዳቸውም። ስኳር መቀነሱም፣ በእግር መሄዱም መልካም ነው፤ ይቀጥሉበት» አለች ሐኪሟ፣ ወደ ተኳሿ ዞራ። «ይሄኛው ግን በምግብ የሚታለፍ አይደለም። ሴት ካረጠች በኋላ ደም ካየች፣ ጠብታም ቢሆን መመርመር አለባት። ብዙውን ጊዜ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴ ግን አይሆንም፤ ያኔ ቶሎ መድረስ ነው የሚያድነው። ከማህፀንዎ ናሙና እወስዳለሁ። ደሙ መቼ ጀመረዎት?»

ሬዲዮ ልትመልስ ስትል ተኳሿ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። ልብሱ ሁሉ ነጽቷል፤ የሚመሰክርባት ክር እንኳ የለም። ሰሞኑን ብትል የሚያምናት እንጂ የሚጠረጥራት አይኖርም።

«ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ነው» አለች። «እየሄደ ይመጣል። እያጠብኩት ነበር።»

ሬዲዮ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሟ የምርመራ አልጋውን መጋረጃ ጫፍ ይዛ ሳበችው።

«ጫማዎን ያውልቁና እዚህ ይተኙልኝ።»