የዘረጉት ያጥፉት

ያን ኳስ ከጥዶቹ በላይ ያሻገረው የልጁ ክንድ ነበር ወይስ መርፌው?

በኮሌጁ ሜዳ ከግራው አጥር ማዶ ፒክአፖቻቸውን አሰልፈው፣ ሥጋ እየጠበሱ ቤዝቦል የሚያዩት ሰዎች ከሐሙስ ጀምሮ ይህችን ጥያቄ ሲያላምጧት ሰንብተዋል። ሎረል ቴትም ቅዳሜ ከሰዓት የበረዶውን ሳጥን ከአባቷ መኪና ስታወርድ የምታስበው ይህንኑ ነበር። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወንበሩን አየችው።

ወንበሩ እንደ ወትሮው አጥሩ ሥር ተዘርግቷል። አረንጓዴ ሸራው በሚሲሲፒ ፀሐይ ግራጫ ሆኗል፤ በመደገፊያው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው 31 ቁጥር ግን በየጸደዩ ስለሚታደስ ከሜዳው መሐል ሆኖ እንኳ ይነበባል። ቁጥሩ የኮልቢ ራትሊፍ ማሊያ ቁጥር ነው፤ ልጁ ከኮሌጁ ለደመወዝ ወደሚጫወቱበት ትልቁ ሊግ ከሄደ ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

የግራ ሜዳ ሰዎች ሕጋቸው አጭር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ትልቁ ሊግ ለገባ ልጅ ወንበር ይዘረጋለታል። በየጨዋታው ከምድጃው የወጣው የመጀመሪያ ጎድን በሳህን ሆኖ እዚያ ላይ ይቀመጥለታል፤ ሲመሽ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ውሻ ይበላለታል። ወንበሩ የሚታጠፈው ሰውየው ሲሞት ብቻ ነው። የሚያጥፉትም መጀመሪያ የዘረጉት ናቸው፤ በሕይወት ያሉት ሁሉ እጃቸውን ማሳረፍ አለባቸው። «የዘረጉት ያጥፉት» ይላሉ። እስካሁን ሁለት ወንበሮች ታጥፈዋል፤ የአንዱ ባለቤት በመኪና አደጋ፣ የሌላው በእርጅና ሞተው ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው ወንበር ግን ታጥፎ አያውቅም።

የኮልቢን የዘረጉት አራት ሰዎች ናቸው። የሎረል አባት ሆይት አንዱ ነው፤ ኮልቢ ተማሪ ሳለ ሁለት ክረምት ሙሉ በጓሮ ክፍሉ አሳድሮታል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ሚስ ኦዊዳ አሉ። ልጁ ጆዲ በዚያው ቡድን ይጫወት የነበረው ጋርላንድ ፕሩዊት አለ። አራተኛዋ ሎረል ናት። ያኔ ለትምህርት ወደ ስኮትላንድ ልትሄድ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋት ነበር፤ ከተማዋን ለዘለዓለም የምትሰናበታት መስሏት፣ ለወጉ ያህል ነበር የወንበሩን አንድ እግር የያዘችው።

«ሰባተኛው ዙር ላይ» አለ ጋርላንድ፤ ገና ሰላምታ እንኳ አላቀረበም። «ሕዝቡ እግሩን ሊያፍታታ ሲነሣ እኛም ተነሥተን እናጥፈዋለን። ከዚያ ወዲያ የዚያን ልጅ ስም እዚህ እንዳልሰማ።»

«ጎድኑ ይብሰልና እንነጋገራለን» አለ ሆይት ዓይኑን ከምድጃው ሳያነሣ።

«አንተ ሁሉ ነገርህ ጎድኑ ይብሰልና ነው። ሚስት ያገባኸውም ጎድኑ ይብሰል እያልክ ነው።»

«እሱማ አረረብኝ» አለ ሆይት።

ጋርላንድ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቁ ተናደደ።

ሚስ ኦዊዳ ጃንጥላቸው ሥር ተቀምጠው የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ ነበር። «ቀብር ነው እንዴ?» አሉ። «ቀብር ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩኝና መኮሮኒ በአይብ ሠርቼ ልምጣ። እኔ ባዶ እጄን ለቅሶ አልደርስም።»

«ሚስ ኦዊዳ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም።»

«ማን ቀለደ? ወንበር የምናጥፈው ለሬሳ ነው። ሬሳው የታለ?»

ሐሙስ ዕለት አንድ የስፖርተኞች አሠልጣኝ ነበርኩ የሚል ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ ለኮልቢ ስቴሮይድ የሚባለውን ጡንቻ የሚያጎለብት መርፌ ይሸጥለት እንደነበረ ተናግሯል። ይህ ብቻ ቢሆን የግራ ሜዳ ሰዎች በትልቁ ሊግና በገንዘቡ ላይ አመካኝተው ባለፉት ነበር። ሰውየው ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመረ፤ «ከኮሌጅ ዘመኑ ጀምሮ» አለ። ከዚያ በኋላ ኮልቢ በጠበቃው በኩል፣ በጊዜው መልስ እሰጣለሁ ከማለት በቀር ምንም አልተነፈሰ።

ያቺ ዐረፍተ ነገር ናት ሁሉን ያበላሸችው። ኮልቢ በመጨረሻ ዓመቱ፣ ቡድኑ ሊሸነፍ አንዲት ውርወራ ስትቀረው፣ ኳሷን ከአጥሩ፣ ከፒክአፖቹና ከጥዶቹ በላይ ልኮ ከተማዋን በታሪኳ አይታው ወደማታውቀው የአገር አቀፍ ውድድር አስገብቷታል። ኳሷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ሕፃናት ጫካው ውስጥ አሁንም ይፈልጓታል።

«ልጄ ሁለት ጸደይ ተጠባባቂ ሆኖ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል» አለ ጋርላንድ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሁለት ጸደይ። የተቀመጠው ለማን ነው? ለዚያ ልጅ። መርፌ ሳይነካው ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ጠጥቶ ለሚጫወት ልጅ ማን ወንበር ዘረጋለት? ዛሬ ጆዲዬ የሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል።»

ሆይት የምድጃውን ክዳን ከፍቶ ዘጋ። ጋርላንድም ወደ ሎረል ዞረ።

«አንቺ ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት የተማርሽው ምንድን ነበር? ስለ ትክክልና ስሕተት አይደል? በይ ንገሪና።»

«አላውቅም፣ ሚስተር ጋርላንድ።»

«ስድስት ዓመት ተምረሽ?»

«ስድስት ዓመት የተማርኩት እሱን ነው።»

ሚስ ኦዊዳ ኦቾሎኒው ትን እስኪላቸው ሳቁ። ሎረል ግን አልቀለደችም። ባለፈው መስከረም ከተመለሰች ወዲህ በዚህችው ኮሌጅ በትርፍ ሰዓት ታስተምራለች፤ የቤት ኪራይ ውሏን በየወሩ ነው የምታድሰው፤ ሻንጣዋንም አልጋ ሥር ሳይሆን በር አጠገብ ነው የምታስቀምጠው። ለምን እንደተመለሰች ሲጠይቋት በየጊዜው ሌላ ምክንያት ትሰጣለች፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለባቸው።

ስለ ኮልቢ በእርግጥ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ክረምቶች ጎሕ ሳይቀድ ከጓሮው ድምፅ ትሰማ ነበር። ልጁ ከዛፍ ያንጠለጠለውን አሮጌ ጎማ በዱላው ይመታል፤ ድም፣ ዝም፣ ድም። የክፍሏ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብላ ጮኸችበት፤ «ይቅርታ፣ ፕሮፌሰር» አላት፤ ገና አንድ ዲግሪ እንኳ ሳይኖራት። ያ ድምፅ እውነት ነበር። መርፌ ጎማ አይመታም፣ ብላ አሰበች። ግን ይህ ሐሳብ ወዲያው አጠራጠራት፤ መርፌ ጎማ አይመታም እንጂ ሰው ሳይደክም ጎማ እንዲመታ ያደርገዋል። አንብባለች። ያነበበችው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ አንዱን እግር ተክላ ሌላውን ስታነሣ የተከለችው ይነቀላል።

ስለ ወንበርም ታውቃለች። ስትመለስ አባቷ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የእሷ ወንበር በቦታው ነበረ፤ ላዩ ላይ ግን የስድስት ዓመት ጋዜጣ ተከምሮበታል። ሆይት ደንግጦ ጋዜጣውን በሁለት ክንዱ አቅፎ የሚያስቀምጥበት አጥቶ ዙሪያውን ሲያይ ትዝ ይላታል። የተዘረጋ ወንበር ሁሉ የተጠበቀ ወንበር አይደለም። ቢሆንም አልታጠፈም ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። የእንግዳው ቡድን የግራ ሜዳ ተከላካይ ቀጭን፣ ፀጉሩ ቀይ የሆነ ልጅ ነው፤ ጀርባው ወደ አጥሩ፣ ጆሮው ወደ ግራ ሜዳ ምላስ ነው። እንግዳን መልከፍ እዚህ ሥራ ነው።

«አንተ ቀይ፣ እናትህ ደውላ ነበር» አለ አንዱ ከፒክአፕ ላይ። «ኳስ መያዣ እጁን ቤት ረስቶ ሄደ ብላለች።»

«ተዉት» አሉ ሚስ ኦዊዳ። «ልጁ ጎበዝ ነው። ኳስ ሲመጣ በትሕትና ያሳልፋል።»

ልጁ አራት ዙር ቻለ፤ አምስተኛውንም ቻለ። ስድስተኛው ዙር ላይ አንዲት ቀላል ኳስ ከእጁ አምልጣ ከፒክአፖቹ ሳቅ ሲፈነዳ ዞር አለ። ወንበሩን አየው፤ ቁጥሩን አነበበው። ከዚያ አውራ ጣቱን ጭኑ ላይ ተክሎ እንደ መርፌ ወጋ አደረገና ጠየቀ፤

«ወንበሩንም ወጋችሁት እንዴ?»

ከምድጃው ስብ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ፤ ልጁ የተናገረው ነገር እነሱ ሦስት ቀን ሙሉ ሲሉት የነበረ ነው፤ ከሌላ አፍ ሲሰሙት ግን ሌላ ነገር ሆነባቸው።

ጋርላንድ ተነሣ። ሊያጥፈው ነው፣ ብላ ሎረል ሳታውቀው አንድ እርምጃ ተራመደች። ምን ልታደርግ እንደሆነ አታውቅም፤ እጇን ልታሳርፍ ይሁን ልትከለክል። ጋርላንድ ግን ወንበሩ ዘንድ ደርሶ ሱሪውን ከፍ አደረገና፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሰፊ ጀርባው 31ን ጋረደው።

«ሰው አለበት» አለ ለልጁ። «ዙር ወደ ሥራህ።»

ልጁ ዞረ። በዚያው ቅጽበት ሸራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሮ ጋርላንድ በወንበሩ ውስጥ አልፎ ሄደ። መቀመጫው መሬት ነካ፤ ጉልበቶቹ አገጩ ሥር ደረሱ፤ ባርኔጣው አፍንጫው ላይ ወረደ።

መጀመሪያ የሳቁት ሚስ ኦዊዳ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ቀዩ ልጅ ሜዳው ውስጥ ሆኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሆይትና ሎረል ሊያወጡት ሄደው በብብቱ ያዙት።

«ቆይ፣ አትጎትቱኝ» አለ ጋርላንድ። ፊቱ ቀልቷል፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር አይለይም። ለሁለቱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ቀጠለ። «ትናንት ጆዲ ጋ ደወልኩለት። ወንበሩን ላሳጥፍልህ ነው አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ። ምን ይለኛል? ‹አባዬ፣ እኔ እኮ የሚጠማዘዝ ኳስ መምታት አልችልም ነበር። ኮልቢ ባይኖርም አግዳሚ ላይ ነበርኩ› አለኝ።»

ሆይት የጋርላንድን ባርኔጣ ከአፍንጫው ላይ አንሥቶ አራገፈና መልሶ ደፋለት።

«ይህን ስሰማ ይበልጥ ተናደድኩ» አለ ጋርላንድ። «ማን ላይ እንደምናደድ ጠፋኝ። ግን ማን ያውቃል? ልጁ ሊያጽናናኝ ብሎም ይሆናል። እሱ እንዲህ ነው።»

ጎትተው አወጡት። ወንበሩ ጎኑ ላይ ወደቀ። ሎረል ልታነሣው ስትሞክር አንዱ የብረት እግር ከሌላው ላይ ተጣሞ ተቆልፏል፤ አልዘረጋም አልታጠፍም አለ። የተተረተረው ሸራ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ 3 በአንድ በኩል፣ 1 በሌላ በኩል።

ሰባተኛው ዙር ሲደርስ እንደ ልማዱ ሜዳው ሁሉ ተነሣ፤ ሙዚቃው ተለቀቀ፤ ሰዎች ክንዳቸውን ዘረጉ። ጋርላንድም ቆሟል፤ ስለ ማጠፍ ግን አንድም ቃል አልተናገረ። ሚስ ኦዊዳ ወንበሩን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው «ይኸው» አሉ። «እኛ መወሰን ቢያቅተን ራሱ ወሰነ። ምን ብሎ እንደወሰነ ግን አልገባኝም።»

በዚህ መሐል ሆይት የመጀመሪያውን ጎድን ከምድጃው አውጥቶ ሳህን ላይ አድርጎታል። ወንበሩ ወደነበረበት ሄደ፤ ቆመ። ሳህኑን የሚያስቀምጥበት የለም። መሬት ላይ አላስቀመጠውም፤ ለሌላ ሰውም አልሰጠውም። ሁሉም ተመልሶ ሲቀመጥ እሱ ብቻ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ አጥሩ ሥር ቆሞ ቀረ፤ እንደዚያን ጊዜ፣ ጋዜጣውን እንዳቀፈ።

ሎረል ስልኳን አወጣች። የኮልቢ ቁጥር አላት። የመጨረሻ ንግግራቸው ኤድንበራ በገባች በመጀመሪያው ኅዳር የተጻጻፉት ነው። «ፕሮፌሰር፣ እዚያ ቤዝቦል አለ?» ብሏት ነበር። «የለም፣ ዝናብ ብቻ ነው» ብላዋለች። ከሥሩ ስድስት ዓመት ባዶ ነው።

«እውነት ነው?» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። «ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ጻፈች፤ ይህንንም አጠፋችው። «ምንም ብታደርግ» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስለማታውቅ ተወችው። ቀና ብላ አባቷን አየች። ጎድኑ ላይ ያለው እንፋሎት ጠፍቷል።

በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከች፦

«ጋርላንድ ወንበርህ ላይ ተቀምጦ ቀደደው። አዲስ ሸራ ልገዛ ነው። አረንጓዴ ይሁን?»

ማክሰኞ ከሰዓት ከክፍል ስትወጣ ከተማ መሐል ወዳለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሄደች። ሻጭዋ ሦስት ጥቅል ሸራ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላት፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ምንም ቀለም ያልነካው።

«የቱን ልቁረጥልሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

ሎረል ስልኳን አየች። ከመልእክቱ ሥር «ደርሷል» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ኋላም ምንም አልመጣም። ሻጭዋ መቀሷን ይዛ ጠበቀቻት።