ያለ ተራው

"ሩመይሳ፣ ሰውዬሽ በር ላይ ቆመው ይጠሩሻል!" አለ ሙሰዓብ፣ በኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት አንገቱን አስግጎ። "ቶሎ በይ ግን፣ አራት ሰዓት ላይ እኛ ነን የምናቀርበው።"

ሩመይሳ ሥራዋን እንደተከፈተ ትታው ወጣች። ከኮሌጁ በር ላይ በቅሎ አከራዩ ጋሽ አለነ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። የደባርቅ ብርድ እንደሆነ ያው ነው፤ ዛሬ ያጎበጣቸው ግን ብርድ አይመስልም።

"ልጄ፣ ያ የበቅሎዬን ፎቶ ያወጣሽበት ነገር አለ አይደል?"

"ድረ ገጹ? አዎ ጋሼ።"

"እሱ ጉድ ሠራኝ።"

ሩመይሳና ሁለት ጓደኞቿ ለቡድን ሥራ ብለው የበቅሎ አከራዮችን ማኅበር ድረ ገጽ ሠርተዋል። መምህር ባርናባስ "ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ነገር ቆንጆ ይሁን" ስላሉ፣ እሷም ከሃያ ስምንቱ በቅሎ የጋሽ አለነን ነጯን መርጣ፣ ከነስልካቸው አናት ላይ ለጠፈቻት። ማኅበሩ ግን በተራ ነው የሚሠራው። ተራ አስከባሪው ሳይጠራው ማንም የቱሪስት ጓዝ ጭኖ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በር አይወጣም። ይሄን ደግሞ የደባርቅ ልጅ ሆና አጥታው አይደለም እኮ! ፎቶው አምሮባት ረሳችው እንጂ።

"ከጎንደር አንድ አስጎብኚ ደወለልኝ" አሉ ጋሽ አለነ። "'ከማኅበሩ ገጽ ላይ አግኝቼዎት ነው' ሲለኝ፣ ማኅበሩ ያዘዘኝ መስሎኝ ጭኜ ወጣሁ። ሦስት ቀን ሠርቼ ብመለስ 'የሰው ተራ በላህ' አሉኝ። ዛሬ አራት ሰዓት ተሰብስበው እስከ ክረምት ከተራ ሊያስወጡኝ ነው።"

እስከ ክረምት! ታዲያ ቤታቸው ምን ሊበላ ነው? ቱሪስቱ እንደሆነ ዘንድሮ በስንት ጊዜ አንዴ ነው ብቅ የሚለው።

"ነይና ጥፋቱ የኔ ነው በይልኝ። እኔንማ 'ከፍለህ ያስለጠፍከው ነው' ይሉኛል።"

"ጋሼ፣ እኔም አራት ሰዓት ፈተና አለብኝ። ካላቀረብኩ ዜሮ ነው፣ ዓመቱን መድገም ነው። እንደጨረስኩ እየሮጥኩ እመጣለሁ፣ ወላሂ!"

"እስክትጨርሺማ እነሱም ጨርሰዋል።" ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "በይ እሺ፣ ይቅናሽ ልጄ።"

አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን ነጯ በቅሎ በፕሮጀክተሩ ግድግዳውን ሞልታ ታየች። የቡድን ጓደኛዋ ሊድያ ደግሞ ምላሷ መቼ ያርፋል! "መምህር፣ የኛ እንደሌሎቹ ለይስሙላ አይደለም። በዚህ ገጽ ሥራ ያገኙ ሰው አሉ፤ ያውም በሳምንቱ!"

ክፍሉ አጨበጨበ።

"ጎበዞች!" አሉ መምህር ባርናባስ። "ውጤት ማለት ይሄ ነው። እስኪ ይደወልላቸውና ይመስክሩ።"

ሩመይሳ ወደ ፊት ራመድ አለች። "አይደወል።"

"ለምን?"

"ስብሰባ ላይ ናቸው። በኛ ጥፋት ከተራ እየወጡ ነው።"

"አንች ምን ነካሽ!" ሊድያ በክርኗ ጎሸመቻት። "ዝም በይ፣ አለፍን እኮ!"

መምህሩ ሩመይሳ በሩን በሩን ስታይ አዩዋት። "ይሄን በኋላ እንሰማዋለን። አሁን ያንቺን ክፍል አቅርቢ። ከወጣሽ ውጤት የለሽም፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። አባቷ ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚልም ታውቃለች። ሰዓቷን አየች፤ አራት ከሃያ ሆኗል። የማኅበሩ ሰዎች ምናልባት ፈርመው ተነስተውም ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ አለች። ሁሉም እያያት የጋሽ አለነን ስልክ አጠፋችና የተራ አስከባሪውን ቁጥር ጻፈችበት።

"የኔን ክፍል አንች አቅርቢው" አለቻት ሊድያን። "ስሜን ግን ዝለይው።"

ደብተሯን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።