በየጠዋቱ የሄደው ወይፈን

እናቴ ደስታነሽ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ቦራን ሸጠች። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የእርሻ በሬያችን ነው፤ ወንድሜ ሙላት ሮብ ገበያ አጠገብ ያለውን መሬታችንን የሚያርሰው በእሱና በጓደኛው ነበር። ሙላት ስለት የተሳለች እናቱን «አትሽጪ» የሚል ሰው አይደለም። በሬውን ለገዢው ሲያስረክብ ግን ገመዱን ፈትቶ ለራሱ አስቀረ፤ ማታ ደግሞ እኔ ወደምኖርበት ደብረ ማርቆስ ደወለልኝ።

«የኔአለም፣ መቼም አንቺ የባንክ ሰው ነሽ። ከጉዞው ገንዘብ ለአንድ ወይፈን የሚሆን አስተርፊልኝ። ዘንድሮ መቀናጆ እንዳልገባ።»

መቀናጆ ማለት አንድ በሬ የቀረው ሰው አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር አጣምዶ ተራ በተራ ማረስ ነው። ከሙላት ጋር ሊቀናጅ የሚችለው ጎረቤታችን እንዳላማው ብቻ ነበር፤ እንዳላማው ደግሞ ደግ ሰው ቢሆንም የራሱ ማሳ ካልለሰለሰ የሰው ማሳ ትዝ አይለውም። እሱን ስንጠብቅ የእኛ ገብስ ወቅቱ ያልፍበታል። «አስተርፋለሁ» አልኩት፤ ማልኩለትም።

የምሠራው ባንክ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ ነው። ለሕክምና የሚሄደውም፣ ለንግድ የሚሄደውም፣ ለመሳለም የሚሄደውም በእኔ በኩል ያልፋል። ለሁሉም እነግራለሁ፤ አየር ማረፊያ ላይ አትመንዝሩ፣ እዚያ ያለው መንዛሪ የሚያገኘው የቸኮለ ሰው ስለሆነ እንደፈለገ ነው የሚቆርጠው እላለሁ። እሺ እሺ ይሉኛል። ሲመለሱ ግን አየር ማረፊያ ላይ መንዝረው ነው የሚመጡት። ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። ሙላት «በሰው ገንዘብ የምትታመም ሴት አንቺን አየሁ» ይለኛል። በገዛ እናቴ ገንዘብማ እንዴት እንደምሆን አስቡት።

ዶላር የተጫነበት ካርድ አወጣሁላትና ቤቴ አስቀምጬ አስተማርኳት።

«እማ፣ ማሽኑ በዶላር ልቁረጥ ወይስ በአገሩ ገንዘብ ብሎ ይጠይቅሻል። ዶላሩን እሺ እንዳትዪው። ማሽኑ ራሱ ሲመነዝር ለራሱ አብልጦ ነው። በሰው አገር በአገሩ ገንዘብ።»

«ዶላሩን በምን እለየዋለሁ?»

ምልክቱን ወረቀት ላይ ሳልኩላት። ትክ ብላ አየችውና «በዱላ የተመታ እባብ» አለች። «በይ ተይው፤ ቅድስት አገር ሄጄስ እባብ አልነካም።»

«ሌላው፣ ከማሽን ገንዘብ ባወጣሽ ቁጥር ባንክ ይቆርጣል። ትንሽም አወጣሽ ብዙ፣ ቁርጡ ያው ነው። ስለዚህ አንዴ በርከት አድርገሽ አውጪ። ሱቅ ገብተሽ በካርዱ ብትከፍይ ግን ይሄ ቁርጥ የለም።»

«ገባኝ» አለች እማ። «አህያ ቁና ገብስም ጫነች ኩንታል፣ የገበያው መንገድ ያው ነው።»

እኔ በመስኮቴ ላይ ስንት ዓመት ሳስረዳ እንዲህ አሳጥሬው አላውቅም። ተነስቼ ጉንጯን ሳምኳት።

«ስልክሽ እዚያ ስለማይሠራ የካርዱን መልእክት በእኔ ቁጥር አስመዝግቤዋለሁ። ካርዱን በነካሽው ቁጥር ለእኔ ይደርሰኛል።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው።»

«ማለዳም ቢሆን?»

«ማሽን ይተኛል እንዴ፣ እማ?»

ራሷን ነቀነቀችና ካርዱን በመሀረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ማለዳን ካነሳሁ የእናቴን ሚስኮል ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ማርቆስ ከገባሁ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ አንዴ ይጠራና ይዘጋል። አድሬያለሁ ማለቷ ነው። እኔም አንዴ አስጠርቼ እዘጋለሁ። እኔም አድሬያለሁ። ሳንቲም አይወጣበትም። በዓመት ውስጥ የሚቋረጠው በሰሙነ ሕማማት ብቻ ነው፤ ሰላምታ በማይሰጥበት ሳምንት እማ በሚስኮልም ሰላም አትልም።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ከተሳላሚዎቹ ጋር ሄደች። ወንጌላዊት የምትባል የደምበጫ ነርስ በጉዞው ስለነበረች «እናቴን አደራ» አልኳት፤ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘችውም እሷ ነበረች።

እማ በደረሰች ማግስት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ ጮኸ። ከማሽን አምሳ ሼቄል፣ የእስራኤል ገንዘብ፣ ወጥቷል። ቁርጡ ከሥሩ ተጽፏል። መሞከሯ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ጠዋትም አምሳ። በሚቀጥለውም አምሳ። አምሳ ሼቄል ምን ይገዛል? ምግቡም ማደሪያውም ከጉዞው ክፍያ ጋር ቀድሞ ተከፍሏል። የሚያናድደው ደግሞ ሒሳቡን ከፍቼ ሳየው ሁሉንም ያወጣችው በአገሩ ገንዘብ ነው፤ እባቡን አልነካችውም። ያንን ያልረሳች ሴት የአህያዋን ነገር እንዴት ትረሳለች?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኛ ወይፈን ገና ሳይገዛ በየጠዋቱ ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ ጭራው ሄደ፣ ከዚያ አንድ ጆሮው፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሙላት ደውሎ «ወይፈኑስ አለ?» ሲለኝ «አለ» እለዋለሁ፤ ጆሮ እንደሌለው አልነገርኩትም።

ሆሣዕና ዕለት አልቻልኩም። በወንጌላዊት ስልክ ደወልኩ። ከኋላ የሰው ሁካታ ይሰማል፤ እማ ደግሞ በሩቅ አገር ስላለች መጮኽ ያለባት መስሏት ትጮኻለች።

«እማ፣ ለምንድነው በየቀኑ ከማሽን የምታወጪው?»

«ደረሰሽ?»

«መድረሱማ ደረሰኝ፤ ከነቁርጡ።»

«ጠዋት ነው የሚደርስሽ? ከቤት ሳትወጪ?»

«እማ፣ ስሚኝ እንጂ። የሙላት ወይፈን በቁርጥ እያለቀ ነው። አንዴ በርከት አድርገሽ አውጪ አላልኩሽም? ገባኝ አላልሽኝም?»

እማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞሽ፣ ከነገ ጀምሮማ የለም» አለችኝ። ወዲያው ስለ ዘንባባው ልትነግረኝ ጀመረች፤ እኔ ግን ያሸነፈ ሰው ስለነበርኩ በቅጡ አልሰማኋትም።

ሰኞ ስልኬ ዝም አለ። ደስ አለኝ። ማክሰኞ ዝም ሲል ለሙላት ደውዬ «ወይፈኑን እይ፣ ገበያ ውጣ» አልኩት። ረቡዕ ጠዋት ግን ፊቴን ሳልታጠብ ስልኩን ይዤ መቀመጤን አስተዋልኩ። ሐሙስ ወንጌላዊት ጋ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። እንግዲህ አእምሮ ክፉ ነው፤ የማያመጣው የለም። ታማ ይሆን? ከሰው ተለይታ ጠፍታ ይሆን? ወይስ በሰው ፊት ስቆጣት ልቧን ሰብሬው ይሆን? ሥራ ቦታ ሒሳቧን ከፍቼ አየሁት። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። የሰው ገንዘብ ባለመጉደሉ ያለቀስኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ስግደት ላይ ስልኬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር የምሰግደው። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ እናቴ እዚያው ጎልጎታ ስለሆነች ታስምርልኛለች ብዬ ነው። ቅዳሜ ማርቆስ መቀመጥ አቅቶኝ በሚኒባስ ወደ ሙላት ሄድኩ። ሙላት ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ የወይፈኑን ጆሮም ጭምር። አልተቆጣም። «ሴትዮዋ ደህና ትሁን እንጂ ከእንዳላማውም ጋር ቢሆን አርሳለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ወንድሜን እንዴት እንደምወደው ለራሴ ገረመኝ።

የትንሣኤ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕድ ቀርቧል። ሙላት «ስልኩን አስቀምጪና ፈስኪ» እያለኝ ነው። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጮኸ።

አምሳ ሼቄል። ቁርጡም ከሥሩ።

«አሁንም ቆረጠ?» አለ ሙላት።

እኔ ግን የማየው ሰዓቱን ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ እነዚያ መልእክቶች በሙሉ የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ከነገ ጀምሮማ የለም ያለችኝም ተቀይማ አልነበረም፤ ሕማማት ስለሚገባ ነው።

«እማ ናት» አልኩት። «አድሬያለሁ እያለች ነው። እንኳን አደረሳችሁ እያለችን ነው።»

ሙላት ስልኩን ተቀበለኝ። መልእክቱን በጣቱ እየተከተለ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ቁርጡን ሁሉ አነበበና እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ሙላት ሲያለቅስ ሰው አያየውም።

«በይ መልሺላት እንጂ» አለኝ ድምፁ ሲስተካከል።

በምን እመልስላታለሁ? እንደማይሠራ እያወቅሁ የእሷን ቁጥር ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም የምትለው ሴት መጣች። ለእሷም «እንኳን አደረሰሽ» ብያት ዘጋሁት።

እማ የተመለሰች ዕለት ማርቆስ መናኸሪያ ተቀብዬ ቤቴ አመጣኋት። አረፍ እንዳለች ከደረቷ መሀረቧን አውጥታ ፈታችው። የአምሳ ሼቄል ኖቶች ናቸው፤ አንዱም አልተመነዘረም፣ እንደወጡ ታጥፈው ተቀምጠዋል። ባንካችን ይሄን ገንዘብ አይገዛም። ስትሄድም ተቆርጦባት፣ ስትመጣም የማይሸጥ ሆኖ፣ እኔ በመስኮቴ ላይ አታድርጉ ከምለው ሁሉ የባሰውን አድርጋ መጥታለች። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ለወይፈኑ የጎደለውን ከራሴ ቁጠባ ሞልቼ ለሙላት ላክሁለት፤ እሱም ያስቀረውን የቦራን ገመድ ይዞ ገበያ ወጣ። ኖቶቹ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ለሚመጣው ዓመት ተሳላሚ እሰጣቸዋለሁ እላለሁ፤ እስካሁን አልሰጠሁም።

አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቃት ማደር አልቻልኩም። የባንክ ሰው በሽታ አይለቅም።

«እማ» አልኳት እግሯን በሞቀ ውኃ እያሸሁላት፣ «ሱቅ ገብተሽ በካርዱ ሻማ ብትገዢ እኮ መልእክቱ ያው ይደርሰኝ ነበር። ቁርጥም የለውም።»

ትንሽ እንዳዘነችልኝ ሁሉ ራሴን ዳበስ አደረገችኝ።

«በዚያ ማለዳ ማን ሱቅ ከፍቶ ይጠብቀኛል፣ ልጄ?»