አፉ ያልተዘጋው ዓሣ ነባሪ

ባሕር ከዚያ ከተማ ሩቅ ነው። በሠፈሩ ውስጥ ባሕርን በዓይኔ አይቻለሁ የሚል አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ አለ፤ እሱም ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ስለሚዋሽ የሚያምነው የለም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ግን ሸርጣንን ከኮከብ ዓሣ፣ ሻርክን ከዶልፊን ለይተው ያውቃሉ። የማን ሥራ ነው ቢባል፣ የኮፒ ቤቷ ልጅ ሥራ ነው።

ሰዉ "መስመር" ይላታል። ልጆች ቀለም ሲቀቡ ካየች አናታቸው ላይ ቆማ "ከመስመር አትውጡ" ሳትል ስለማታልፍ የወጣላት ስም ነው። ሥዕል ያስተማራት ሰው የለም። ማሽኑ ባበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ እየሞነጫጨረች ራሷን አስተማረች፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። በጥቁር ብዕር የባሕር እንስሳ ትስላለች፣ በማሽኗ ታባዛለች፣ ልጆቹ በከለር ይቀቡታል። መስመሯ ወፍራም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ከለር መያዝ ያልለመደ ሕፃን እንኳ አይጠፋውም።

ሰው ግን አትስልም። አንድ ጊዜ ብቻ ከዓሦቹ ጋር ዋናተኞች ጨምራ ነበር። ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ መጥቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሥዕሉን አገላብጦ አየና፣ "የዋና ልብስ ኪስ እንዳለው ዛሬ ገና አወቅኩ" አላት። ዋናተኞቹ በሙሉ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነበር። እውነቱን ለመናገር መስመር እጅ መሳል አይሆንላትም። ጣት ስትስል ካሮት ይሆንባታል። ታዲያ ይህን ለልብስ ሰፊ አታወራም፤ "እኔ የዓሣ ሰዓሊ ነኝ፣ ዓሣ ደግሞ እጅ የለውም" ብላ አፉን አስይዛ ሸኘችው።

ሌላም ነገር አላት። ከታችኛው መንገድ ያለው ኮፒ ቤት ሥዕሎቿን ዓይኑን በጨው አጥቦ እያባዛ ይሸጥ ስለነበር፣ በእያንዳንዱ እንስሳ ጅራት ላይ መስመሩን ሳትገጥም ትንሽ ክፍተት መተው ጀመረች። ጅራት የሌለው ከሆነ ከኋላው በኩል። የማያውቅ ሰው አያስተውለውም። እሷ ግን የትም ቦታ ብታየው ሥራዋን ታውቀዋለች።

በዚያ ሰሞን የእህቷ ልጅ እሷ ጋ ነበረች። ታላቅ እህቷ ነርስ ናት፤ ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ተመድባ፣ ቤት እስክታገኝ ድረስ ልጇን ለታናሽዋ አደራ ብላ ሄዳለች። አደራውንም ያለ ነገር አልሰጠችም። "አንቺ ልጅ፣ ወረቀት አይደለችም እኮ፤ ብትበላሽ ሌላ አታወጪም" አለቻት ዓይን ዓይኗን እያየች። መስመር ተናደደች። ተናደደችና፣ ቅዳሜ ስትመለሺ ልጅሽን ወፍራና አምራ ታገኛታለሽ ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች።

ልጅቷን ድንቡሼ ነው የሚሏት። ጉንጯ፣ ክንዷ፣ ጉልበቷ፣ ሁሉ ነገሯ የተነፋ ነው። ፀጉሯ ከግራና ከቀኝ ሁለት ቦታ ተቋጥሮ እንደ ቀንድ ይቆማል። ሥራም አላት፤ የመስመርን አዲስ ሥዕል ከሁሉ ቀድማ የምትቀባው እሷ ናት። ድንቡሼ ቀብታ ካልጨረሰችው ሥዕሉ ለሌሎቹ አይባዛም። ቶሎ ከሰለቻት ሥዕሉ ከባድ ነው ማለት ነውና መስመር እንደገና ትስለዋለች።

ዓሣ ነባሪውን የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ናት ያዘዘችው። ትልቅ ይሁን፣ ሆዱ ብዙ ቀለም የሚፈጅ ይሁን፣ ልጆቹ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ ብላ። መስመር ሥዕሉን በአንድ ትንፋሽ ልትጨርሰው ጀመረች። ደንበኛ እየመጣ፣ መታወቂያ ኮፒ እያለ፣ ማሽኑ ወረቀት እየነከሰ ሲያቋርጣት ቆይቶ፣ ጅራቱን ሳታስበው ገጥማ ዘጋችው። ክፍተቱን የተወችው አፉ ጥግ ላይ ሆነ። ስታየው ገረማት እንጂ አላሳሰባትም። ምልክቱ እስካለ ድረስ የትስ ቢሆን ምን አለበት?

ድንቡሼ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ ሆዱን በሰማያዊ ከለር ስትቀባ አረፈደች። ሌላ ጊዜ ስትቀባ ታወራለች፣ ትዘፍናለች፣ ዓሣውን ትቆጣለች። ያን ቀን ድምጿ አልተሰማም። መስመር ዘወር ብላ ስታያት ልጅቷ ከለሩን ከሥዕሉ አፍ ላይ ሰክታ፣ እጇን ሳታንቀሳቅስ ወረቀቱን ታዳምጣለች። ምን ሆነሽ ነው ብትላት፣ ከለሩ በአፉ ገባ፣ የት እንደሚሄድ እያየሁ ነው አለች። ቀብታ አልጨረሰችውም። መስመር ግን መምህርቷ ስለቸኮለች ብቻ ልማዷን ተላልፋ አባዛችው።

በማግስቱ መምህርቷ የተቀቡትን ወረቀቶች ታቅፋ መጣች። ፊቷ አላማረም። ማሽንሽ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ወረቀቱ ከለር አይቀበልም አለች። መስመር ስለ ማሽኗ ክፉ ከሚነገራት ስለ እናቷ ቢነገራት ይሻላታል፤ ደሟ ፈላ። ወረቀቶቹን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

አንዱ ልጅ ዓሣ ነባሪውን ቀይ አድርጎታል፣ ሌላው አረንጓዴ፣ አንዷ ዝንጉርጉር። ሁሉም ግን ሆዱ ውስጥ አንድ ቦታ ሳይቀቡ ትተዋል። አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ። ወረቀቶቹን ደራርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻቸው፤ ነጩ ከነጩ ላይ ልክክ አለ። ክብ ራስ፣ ድንቡሽቡሽ ያለ ሰውነት፣ ራሱ ላይ ከግራና ከቀኝ እንደ ቀንድ የቆሙ ሁለት ቋጠሮዎች።

መስመር ወረቀቶቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ለምን እንደተዉት ጠየቅሻቸው?" አለች።

"አንዱን ጠየቅኩት።" መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እዚያ ልጅ አለች፣ ከቀባኋት ትታፈናለች አለኝ።"

ድንቡሼ በሩ አጠገብ ባለችው አነስተኛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። መስመር ጠራቻት። ልጅቷ ወዲያው አልመለሰችም። ጥሪው ረጅም መንገድ ሄዶ የደረሳት ይመስል ቆይታ፣ የእሷ ባልሆነ ቀጭን ድምፅ "አቤት" አለች። መስመር አጠገቧ ሄዳ ተንበረከከች። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ፀጉሯ ማንም ሳያጥበው ከሥሩ ርሷል። ጉንጯን ስትስማት ከንፈሯ ላይ ጨው ቀረ።

ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም፣ እራቷንም። ብርቱካን ወዳጅ ናት፤ ብርቱካኑን ጭምር ይዛው ዋለች እንጂ አልላጠችውም። በማግስቱ ጉንጯ ጎደለ። ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ሐኪሙ ትኩሳት የላትም፣ ናፍቆት ይሆናል፣ እናቷ መቼ ነው የምትመጣው ብሎ ጠየቀ። የዚህን ጥያቄ መልስ መስመር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስትመለስ መምህርቷ አዲስ የተቀቡ ወረቀቶች ይዛ ጠበቀቻት። ነጯ ቅርጽ አሁንም አለች። ግን ትንሽ ሆናለች፤ ከአፉ ርቃ ወደ ጅራቱ አካባቢ ሄዳለች።

"እየገባች ነው" አለች መምህርቷ። "እባክሽ እህቴ፣ ያን አፉን ዝጊው።"

ለመስመር ይህ ውሃ የሚያነሳ ምክር መሰላት። ክፍተቱ ነው ጥፋቱ፤ ክፍተቱ ይዘጋ። ዋናውን ሥዕል ከመሳቢያው አወጣች፣ ብዕሯን አራገፈች፣ ድንቡሼን አጠገቧ አስቀመጠች። እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐዩ ከበሩ እስከ ማሽኑ ድረስ ወለሉን ሞልቶታል። ብዕሩን ከአፉ ላይ አሳርፋ ከላይ ወደ ታች ጎተተች።

"አክስቴ፣" አለች ድንቡሼ ዓይኗን አፍጥጣ፣ "መብራቱን ማን አጠፋው?"

ከዚያ ትንፋሿ ቆመ። አልተንፈራገጠችም፣ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ። መስመር ምላጩን እንዴት እንዳገኘችው አታውቅም። የተሳሳተ መስመር የምትፍቀው በምላጭ ነው፤ በዚያች ትሳሳታለች በማትባል እጇ፣ ያልደረቀውን ቀለም ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ፋቀችው። አፉ ተከፈተ። ልጅቷ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው አየር ሳበች።

መስመር ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። አሁን ገባት። ሰው ውስጥ እያለ በር አይዘጋም። አፉ ክፍት ሆኖ ቢቆይም ልጅቷ በራሷ አትወጣም፤ በየቀኑ ወደ ውስጥ እየሄደች ነው። ገብቶ እጇን ይዞ የሚያወጣት ያስፈልጋል። እጅ ያስፈልጋል።

ብዕሩን አንስታ በተበላሸ ወረቀት ላይ ሞከረች። ካሮት። እንደገና ሞከረች። ካሮት፣ ከዚያ ደግሞ የተጨመቀ ጓንት። ይህን ሁሉ ዘመን ዓሣ እጅ የለውም እያለች ስትሳለቅ፣ እጅ የምትፈልግበት ቀን መጣባት። እልህ ይዟት እንባዋ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ሕፃናት እጅ እንዴት እንደሚስሉ ትዝ አላት። እጃቸውን ወረቀት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በእርሳስ ይከተሉታል። ስንት ጊዜ ስቃባቸዋለች፤ ይሄ ሥዕል ሳይሆን ልኬት ነው ብላ።

ዓሣ ነባሪውን በማሽኑ አጉልታ፣ ካላት ሁሉ በሚተልቀው ወረቀት ላይ አወጣችው። የድንቡሼን ሰማያዊ ከለር አንስታ ሆዱን ከአፉ ጀምሮ ወደ ውስጥ ቀባችው። ጅራቱ ሥር ስትደርስ እጇ አልሄድም አለ። ብትገፋው አይሄድም። ዙሪያውን ቀባችው፤ አውራ ጣት የምታክል፣ ሁለት ቋጠሮ ያላት ነጭ ነገር ጥጉ ላይ ተኮራምታ ቀረች።

መስመር ግራ እጇን ከዓሣ ነባሪው አፍ አስገብታ ወረቀቱ ላይ ዘረጋች። መሃል ጣቷ ነጯ ጋ ደረሰ። በቀኟ ብዕሩን ይዛ፣ እንደ አራት ዓመት ልጅ ምላሷን አውጥታ፣ ከአንጓዋ ጀምራ በየጣቶቿ መሃል ዞረች። በአውራ ጣቷ በኩል ስትመለስ ውሃው ነካት። ወረቀቱ ደረቅ ነው፤ እጇ ግን እስከ አንጓዋ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነበር፣ ውሃውም ወደ ውስጥ ይስባል። አንድ ትንሽ ነገር ጣቷን ያዘ። ጨብጣ ጎተተች።

ከኋላዋ ድንቡሼ አስነጠሰች። አንዴ፣ ደግማ፣ ከዚያ ሳል ያዛትና ወለሉ ላይ ውሃ ተፋች። ዞር ስትል ልጅቷ ቀሚሷን እየጠረገች በደንበኛ ድምጿ፣ "ብርቱካኔን ማን ወሰደው?" አለቻት።

ቅዳሜ እህቷ ስትመጣ ልጇን ጉንጯ ሞልቶ፣ አፏ በብርቱካን ጭማቂ ተለቅልቆ አገኘቻት። አገላበጠቻት፣ አሸተተቻት፣ የሚወቀስ ነገር አጣች። ይሄኔ መስመር አፍንጫዋን ነፍታ መናገር የነበረባት ሰዓት ነበር። አልተናገረችም። እህቷ ግራ እጇን ያዝ አድርጋ በነርስ ዓይን አየችው። ጣቶቹ ተሸብሽበዋል፣ ቆዳው ነጥቷል። ስንት ልብስ አጥበሽ ነው እንዲህ ውሃ የበላሽ ብላ ጠየቀቻት። መስመር ሳቅ አለች እንጂ እጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሞቀም፣ አልደረቀም አላለችም።

እህቷ ሻንጣ ስትሸክፍ እሷ ወደ ኮፒ ቤቱ ወረደች። ትልቁን ወረቀት ዘረጋች። መፍትሔው እንደሆነ ቀላል ነው፤ የተሳለውን እጅ ፍቆ ማውጣት፣ ከዚያ አፉን መዝጋት። ምላጩን በቀኟ አነሳች።

የዚያን ጊዜ ግራ እጇን አንድ ነገር ጨበጠው።

አየችው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ባዶ እጅ ነው፤ ማንም አልያዘውም። ግን ትንንሽ ጣቶች መሃል ጣቷን ከበው ይዘዋል፤ ይለቃሉ፣ ደግሞ ይይዛሉ። ድንቡሼ በሩ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ብርቱካን ትልጣለች።

"እዚያ ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ?" አለች መስመር።

"ኧረ፣ ብዙ ልጆች ነበርን" አለች ልጅቷ ዓይኗን ከብርቱካኑ ሳትነቅል። "እነሱ ግን ሞኞች ናቸው። መውጫው በጅራቱ በኩል ነው ብለው እዚያ ነው የሚጠብቁት። አንቺ ሁልጊዜ በጅራት በኩል ነዋ የምትተዪው፤ የዚህኛውን ግን ዘጋሽው።"

ከፎቅ እህቷ መኪናው ደርሷል እያለች ትጣራለች። ልብስ ሰፊው ማዶ ላይ ሆኖ ለሆነ ሰው ስለ ባሕር ይዋሻል። መስመር ምላጩን መሳቢያው ውስጥ መልሳ መሳቢያውን ገፋችው። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ከዚያ ግራ እጇን ወረቀቱ ላይ፣ በራሷ መስመር ውስጥ ልክ አድርጋ አሳረፈችና የያዛትን ጨበጠች።